የሚያገረሽ የአንጀት ኢንፌክሽንና የአንጀት ተሕዋስያን፤ የአምስተርዳሙ ጥናት ምን አስተማረ? ምንስ ሳይመልስ ቀረ?

መግቢያ

አንዲት ሕመምተኛ የሳንባ ምች ይዟት ሆስፒታል ትገባለች። ሴፍትሪያክሶን ተሰጥቷት ትኩሳቷና ሳሏ ይለቃታል። ወደ ቤቷ በተመለሰች በሳምንቱ ግን ውኃ መሰል ተቅማጥ ይጀምራታል። በአቅራቢያዋ በሚገኝ ክሊኒክ ዓይነ ምድሯ በማይክሮስኮፕ ይታይና «አሜባ ነው» ተብሎ ሜትሮኒዳዞል ይታዘዝላታል፤ ይሻላታልም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተቅማጡ ሲያገረሽ ሜትሮኒዳዞሉ ተደግሞ ሲፕሮፍሎክሳሲን ይታከልበታል። በሦስተኛው ዙር ሕመምተኛዋ ከስታና አቅሟ ደክሞ በቤተሰቧ ተደግፋ ወደ ሆስፒታል ትመለሳለች። ይህች ሴት አንዲት የተለየች ሰው አይደለችም፤ በተመላላሽ ክፍል የሚሠራ ሐኪም ሁሉ እርሷን የምትመስል ሕመምተኛ ሳይገጥመው አይቀርም። በአንቲባዮቲክ ሳቢያ የመጣን ተቅማጥ በሌላ አንቲባዮቲክ፣ ያም ሲያገረሽ በሦስተኛ አንቲባዮቲክ ማከም በብዙ ሀገር የቆየ ልማድ ነው።

ይህን ልማድ ከሥሩ የነቀነቀው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2013 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የታተመው የአምስተርዳም ጥናት ነው። ኤልስ ቫን ኖድና ባልደረቦቿ በዚህ ሥራቸው በክሎስትሪዲዮይደስ ዲፊሲል ሳቢያ የሚያገረሽ ተቅማጥ ያለባቸውን ሕሙማን በጤናማ ለጋሽ ዓይነ ምድር አክመው እጅግ የሚያስደንቅ ውጤት አቀረቡ። ከዚያ ወዲህ «ማይክሮባዮም» የሚለው ቃል ከምርምር ክፍል ወጥቶ በየጋዜጣውና በየማስታወቂያው ሲነገር ይሰማል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጥናቱን ጥንካሬና ድክመት በተከታዮቹ ጥናቶች ሚዛን መመዘን፣ እንዲሁም በኢትዮጵያ ለሚሠራ ሐኪም የሚጠቅመው ትምህርት የትኛው እንደሆነ ማመልከት ነው።

የባክቴሪያው ታሪክ በአጭሩ

ባክቴሪያው ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1935 ሲሆን ሆልና ኦቱል የተባሉ ተመራማሪዎች ከአራስ ሕፃናት ዓይነ ምድር ለይተው አገኙት። «ዲፊሲል» የሚለው ስያሜም በላቦራቶሪ ለማብቀል አስቸጋሪ ሆኖ በመገኘቱ የተሰጠው ነው። ጤነኛ በሆኑ ሕፃናት አንጀት ውስጥ ስለተገኘ በሽታ አምጪ ነው ብሎ የጠረጠረው ሰው ለረጅም ጊዜ ጥቂት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ቴዴስኮና ባልደረቦቹ ክሊንዳማይሲን ከወሰዱ 200 ሕሙማን መካከል 21 በመቶው ተቅማጥ እንደያዛቸው፣ 10 በመቶው ደግሞ የትልቁ አንጀታቸው ግድግዳ በሐሰተኛ ሽፋን የሚለበስበት ከባድ ብግነት እንደታየባቸው አሳወቁ። ያኔ ጥፋቱ የመድኃኒቱ ብቻ ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ግን ባርትሌትና ሌሎች ተመራማሪዎች እውነተኛው ምክንያት መድኃኒቱ ቦታ የለቀቀለት፣ መርዝ አመንጪው ይኸው ባክቴሪያ መሆኑን አረጋገጡ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወገን ስሙ ከክሎስትሪዲየም ወደ ክሎስትሪዲዮይደስ ተለውጧል።

የበሽታው አስቸጋሪ ጠባይ ማገርሸቱ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ታክመው ከዳኑት መካከል ከአምስቱ በአንዱ ገደማ በሽታው ይመለሳል። አንድ ጊዜ ባገረሸባቸው ሕሙማን ላይ ደግሞ ዳግመኛ የማገርሸቱ ዕድል 40 በመቶ ሊደርስ፣ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። ይህ የሚሆነው ባክቴሪያው መድኃኒቱን ስለተለማመደ አይደለም። የማገርሸቱ ምክንያት ሁለት ነው። የመጀመሪያው ስፖር ነው፤ ባክቴሪያው በጠንካራ ቅርፊት ተሸፍኖ ሲተኛ ቫንኮማይሲንም ሆነ ሜትሮኒዳዞል አይነካውም። ሁለተኛው መድኃኒቱ ራሱ ነው፤ በሽታ አምጪውን ሲገድል ቦታውን ይዘው ያስቀሩት የነበሩትን ሌሎች ተሕዋስያንም አብሮ ይጠርጋል። መድኃኒቱ ሲቆም ስፖሩ የሚነቃው ተከላካይ በሌለበት ባዶ መሬት ላይ ነው።

የዚህ መከላከል አንደኛው መንገድ ዛሬ በመጠኑ ይታወቃል። ጉበት የሚሠራቸው ቀዳሚ የሐሞት አሲዶች፣ በተለይም ታውሮኮሌት የተባለው፣ ስፖሩን ከእንቅልፉ ይቀሰቅሱታል። በትልቁ አንጀት የሚኖሩ ጥቂት የባክቴሪያ ዓይነቶች እነዚህን አሲዶች ወደ ሁለተኛ ደረጃ የሐሞት አሲድነት ሲለውጧቸው ደግሞ የተለወጠው አሲድ የነቃውን ባክቴሪያ እድገት ይገታል። አንቲባዮቲክ ለዋጮቹን ባክቴሪያዎች ሲያጠፋ ቀስቃሹ ይበዛል፣ ገቺው ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ቡፊና ባልደረቦቹ ክሎስትሪዲየም ሲንደንስ የተባለውን ለዋጭ ባክቴሪያ ለአይጦች መልሰው በመስጠት የመከላከል ኃይላቸው በከፊል እንደተመለሰ አሳይተዋል። በአይጥ የታየው በሰው ልጅ አንጀት ውስጥ ምን ያህሉን እንደሚያስረዳ ግን ተጨማሪ ማረጋገጫ የሚሻ ጉዳይ ነው።

የአምስተርዳሙ ጥናት

በዓይነ ምድር ማከም የተጀመረው በአምስተርዳም አይደለም። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ቻይናዊው ሐኪም ጌ ሆንግ ለከባድ ተቅማጥ የዓይነ ምድር ብጥብጥ እንዲሰጥ ጽፏል። በዘመናዊ ሕክምና ደግሞ አይዝማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1958 በኮሎራዶ አራት ሕሙማንን በዚሁ መንገድ በኤኔማ ማዳናቸውን ዘግበዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 ቴቬዴና ራስክ-ማድሰን የተባሉ የዴንማርክ ሐኪሞች ስድስት ሕሙማን ባካተተ ሥራቸው በዓይነ ምድሩ ፋንታ በላቦራቶሪ የተዘጋጀ የ10 ባክቴሪያዎች ቅልቅል መስጠት እንደሚቻል አመልክተው ነበር። የአምስተርዳሙ ጥናት አዲስነት ሐሳቡን በዕጣ በተመደቡ ቡድኖች ማነጻጸሩ ላይ ነው።

ሕሙማኑ ቢያንስ አንድ ጊዜ በቂ የአንቲባዮቲክ ሕክምና አግኝተው በሽታው ያገረሸባቸው ነበሩ። በሦስት ቡድን ተከፈሉ። የመጀመሪያዎቹ ለ4 ወይም ለ5 ቀናት ቫንኮማይሲን ወስደው አንጀታቸው ከታጠበ በኋላ በ500 ሚሊ ሊትር የጨው ውኃ የተበጠበጠ የለጋሽ ዓይነ ምድር በአፍንጫ በኩል በገባ ቱቦ ወደ ትንሹ አንጀታቸው ተለቀቀላቸው። ሁለተኛዎቹ ለ14 ቀናት ቫንኮማይሲን ብቻ፣ ሦስተኛዎቹ ደግሞ ቫንኮማይሲንና የአንጀት እጥበት አገኙ። ውጤቱም እንዲህ ሆነ። ንቅለ ተከላውን ካገኙት 16 ሕሙማን 13ቱ፣ ማለትም 81 በመቶው፣ በመጀመሪያው ሙከራ ዳኑ፤ ከቀሩት ሦስቱ ሁለቱ ከሌላ ለጋሽ በድጋሚ ተሰጥቷቸው ተፈወሱ። ቫንኮማይሲን ብቻ ከወሰዱት 13 ሕሙማን የዳኑት 4 ሲሆኑ፣ እጥበት ከተጨመረላቸው 13ቱ ደግሞ 3 ብቻ ናቸው። ልዩነቱ ይህን ያህል በመስፋቱ ጥናቱ ከዕቅዱ በፊት እንዲቆም ተደረገ። ከዚህም በላይ የሕሙማኑ የአንጀት ተሕዋስያን ዓይነትና ብዛት ከንቅለ ተከላው በኋላ ወደ ለጋሾቹ መጠን ከፍ ማለቱ ተለካ።

የንጽጽሩ ድክመት

የቁጥሩ ግርማ ሦስት ጥያቄዎችን ሊሸፍን አይገባም።

የመጀመሪያው ጥያቄ ንቅለ ተከላው የተነጻጸረው ከምን ጋር ነው? የሚል ነው። የንጽጽር ቡድኑ ያገኘው የ14 ቀን ቫንኮማይሲን ነው፤ ቀድሞ በአንቲባዮቲክ ታክመው ላገረሸባቸው ሕሙማን ያንኑ ዓይነት ሕክምና መልሶ መስጠት ማለት ነው። ደጋግሞ ባገረሸ ሕመም ላይ ብዙ ሐኪሞች የሚመርጡት ቫንኮማይሲንን ለሳምንታት መጠኑን ደረጃ በደረጃ እየቀነሱ መስጠትን ነው። ይህ የንጽጽር ቡድን በጥናቱ አልነበረም። ስለሆነም 81 ከ31 በመቶ ጋር ሲቆም የሚታየው ልዩነት ከፊሉ የንቅለ ተከላው ኃይል፣ ከፊሉ ደግሞ የተቀናቃኙ ድክመት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ጥያቄ የዕውርነት አለመኖር ነው። ሐኪሙም ሕመምተኛውም የትኛው ሕክምና እንደተሰጠ ያውቁ ነበር። በትንሽ ቁጥር ተጀምረው በአስደናቂ ውጤት ሳቢያ ቀድመው የሚቆሙ ጥናቶች ደግሞ የሕክምናውን ጥቅም አጋንነው የማሳየት ዝንባሌ እንዳላቸው በስታቲስቲክስ የታወቀ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ እነማን ቀርተዋል? የሚለው ነው። በቅርቡ የካንሰር ኬሞቴራፒ የወሰዱ፣ ኤችአይቪ በደማቸው ኖሮ የሲዲ4 ቁጥራቸው ከ240 በታች የወረደ፣ ከፍተኛ መጠን ያለው ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ፣ ነፍሰ ጡሮች፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ያሉና ለሌላ ሕመም አንቲባዮቲክ በመውሰድ ላይ የነበሩ አልተካተቱም። የኢትዮጵያን የሕክምና ዋርድ የሚያውቅ ሰው ይህን ዝርዝር ሲያነብ ብዙዎቹን የራሱን ሕሙማን ያገኝበታል።

ተከታዮቹ ጥናቶች ለእነዚህ ጥያቄዎች የተለያየ መልስ ሰጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 በቶሮንቶ የታተመው የሆታና ባልደረቦቿ ጥናት ንቅለ ተከላውን ያነጻጸረው የአምስተርዳሙ ካስቀረው ሕክምና፣ ማለትም ለስድስት ሳምንት መጠኑ እየቀነሰ ከሚሰጥ ቫንኮማይሲን ጋር ነበር። በዚያ ጥናት አንድ ጊዜ በኤኔማ ንቅለ ተከላ ካገኙት 16 ሕሙማን በ9ኙ፣ ቫንኮማይሲኑን ከወሰዱት 12 ሕሙማን ደግሞ በ5ቱ በሽታው አገረሸ። ይህም ጥናት በአጭሩ ቆሟል፤ የቆመው ግን ብልጫ አይገኝም ተብሎ ነው። ኬሊና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ ባቀረቡት በዕውር በተካሄደ ጥናት የለጋሽ ዓይነ ምድር ካገኙት 22 ሕሙማን 20ዎቹ፣ የራሳቸው ዓይነ ምድር ከተመለሰላቸው 24 ሕሙማን ደግሞ 15ቱ ዳኑ። በኒው ዮርክ በታከሙት መካከል ብቻ ሲታይ የራሳቸው የተመለሰላቸውም ሕሙማን 90 በመቶ ድነዋል። ስለዚህ የአንዳንድ ሕሙማን አንጀት ጊዜ ካገኘ ያለ ለጋሽም እንደሚያገግም መገመት ይቻላል።

ከዚህ በተቃራኒ እ.ኤ.አ. በ2019 በዴንማርክ የታተመው የህቫስና ባልደረቦቹ ጥናት ንቅለ ተከላውን ከቫንኮማይሲን በተጨማሪ ከፊዳክሶማይሲን ጋር አወዳድሮ፣ ተቅማጡ ጠፍቶ ምርመራውም ነጻ የሆነላቸው 71፣ 19 እና 33 በመቶ እንደቅደም ተከተላቸው መሆናቸውን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 በዚያው ሀገር በአርሁስ ከተማ በማስመሰያ መድኃኒት ተነጻጽሮ በዕውር የተካሄደ ጥናት ደግሞ ከቫንኮማይሲን በኋላ ንቅለ ተከላ ካገኙት 21 ሕሙማን 19ኙ፣ ማስመሰያ ካገኙት 21 ሕሙማን 7ቱ እንደዳኑ ዘግቧል። የዕውርነቱ ጥያቄ በዚህ ጥናት በአመዛኙ ተመልሷል። እ.ኤ.አ. በ2023 የኮክሬን ግምገማ ስድስት ጥናቶችን አጣምሮ ሕክምናው ሊጠቅም እንደሚችል ደምድሟል፤ ሆኖም በስድስቱ ጥናቶች የተካተቱት ሕሙማን በድምሩ 320 ብቻ ናቸው። ስለ «አብዮት» ብዙ የተጻፈለት ሕክምና የቆመበት መሠረት ይህን ያህል ነው። ጠባብ ቢሆንም ጽኑ ነው፤ ጽኑ ቢሆንም ሰፊ አይደለም።

«ማይክሮባዮም» የሚለው ቃልና ከአቅሙ በላይ የተጫነበት ሸክም

ጥናቱ ያረጋገጠው አንድ ነገር ነው፤ የተጎዳ የአንጀት ተሕዋስያን ማኅበረሰብ ሲጠገን የሲ. ዲፊሲል ግርሻ ይቀንሳል። ከዚህ ተነሥቶ የአንጀት ተሕዋስያንን ለማናቸውም ሕመም ቁልፍ አድርጎ ማቅረብ ግን የማስረጃውን ድንበር መዝለል ነው። ለአብነት ያህል በሰው አካል ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ከሰውነት ሴሎች አሥር እጥፍ ይበዛሉ የሚለው አባባል ለአሥርት ዓመታት በመማሪያ መጻሕፍት ሳይቀር ሲደጋገም ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሴንደር፣ ፉክስና ሚሎ ስሌቱን እንደገና ሲሠሩት 38 ትሪሊዮን ባክቴሪያዎች ለ30 ትሪሊዮን የሰውነት ሴሎች፣ ማለትም አንድ ለአንድ ከሚጠጋ መጠን እንደማያልፍ አገኙ። ግነቱ ሲደጋገም እንደ እውቀት መቆጠሩ መስኩ ራሱን ሊመረምርበት የሚገባ ጠባይ ነው።

አሠራሩን በተመለከተም እርግጠኝነት አለ ለማለት ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ2017 በጀርመን የኪል ተመራማሪዎች ባክቴሪያው በማጣሪያ የተወገደለትን የዓይነ ምድር ፈሳሽ ለአምስት ሕሙማን ሰጥተው አምስቱም ከተቅማጡ ተገላገሉ። አምስት ሕሙማን ያለ ንጽጽር ቡድን ምንም አያረጋግጡም፤ ነገር ግን ፈዋሹ ሕያው ባክቴሪያው ነው፣ የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ነው ወይስ ባክቴሪያን የሚያጠቁ ቫይረሶች ናቸው? የሚለውን ጥያቄ ክፍት ያደርጉታል። ከለጋሽ ባክቴሪያ ስፖር ተጣርቶ የተዘጋጀው ኤስኢአር-109 የተባለ እንክብልም በሁለተኛው የጥናት ደረጃ ሳይሳካ ቀርቶ መጠኑና የሕሙማኑ አመራረጥ ከተስተካከለ በኋላ ነው የተሳካለት። እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመው በዚህ የ182 ሕሙማን ጥናት በስምንት ሳምንት ውስጥ በሽታው ያገረሸባቸው 12 በመቶ ሲሆኑ፣ ማስመሰያ ከወሰዱት ግን 40 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱን ከወሰኑት ነገሮች አንዱ ሕሙማኑ በእርግጥ በመርዝ ምርመራ የተረጋገጠ በሽታ ያለባቸው መሆኑ ነበር። ከሕክምናው በፊት ምርመራው መቅደሙ እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል።

በየመድኃኒት ቤቱ «ፕሮባዮቲክ» ተብለው የሚሸጡትም በዚሁ ሚዛን ሊታዩ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2013 በእንግሊዝና በዌልስ 2941 አረጋውያን ሕሙማንን ያካተተው ትልቅ ጥናት ላክቶባሲለስና ቢፊዶባክቴሪየም መውሰድ በአንቲባዮቲክ ሳቢያ የሚመጣን ተቅማጥ እንዳልቀነሰ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 በእስራኤል በተካሄደ ሥራ ደግሞ 21 ጤናማ በጎ ፈቃደኞች ሲፕሮፍሎክሳሲንና ሜትሮኒዳዞል ወስደው ሲያበቁ፣ ፕሮባዮቲክ የተሰጣቸው ሰዎች የቀድሞ የአንጀት ተሕዋስያናቸው እስኪመለስ ምንም ካልተሰጣቸው ይልቅ ዘግይቷል። እርጎ ጥሩ ምግብ ነው፤ «አንቲባዮቲኩን ሲጨርሱ እርጎ ይጠጡ» የሚለው ምክር ግን ሕመምተኛውን ከማስደሰት አልፎ ግርሻን እንደሚከላከል ሕክምና ሊቆጠር አይችልም።

የለጋሹ ጉዳይ

እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ከአንድ ለጋሽ በተዘጋጀ እንክብል የታከሙ ሁለት ሕሙማን ብዙ አንቲባዮቲኮችን በሚቋቋም ኢ. ኮላይ ደማቸው ተመረዘና አንዱ ሞተ። ለጋሹ ጤነኛ ነበር፤ ባክቴሪያውም በእርሱ አንጀት ውስጥ ምንም ጉዳት አላደረሰም። የጎደለው እንዲህ ያለውን ባክቴሪያ የሚለይ ምርመራ ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ደግሞ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በሽታ አምጪ የኢ. ኮላይ ዓይነቶች በዚሁ ሕክምና ሊተላለፉ እንደሚችሉ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል።

ከዚያ ወዲህ በፋብሪካ ደረጃ የተዘጋጁና የተመረመሩ ምርቶች ፈቃድ አግኝተዋል፤ በፊንጢጣ የሚሰጠው ሪባዮታ በኖቬምበር 2022፣ በአፍ የሚወሰደው ቫውስት በኤፕሪል 2023። የፊተኛው በጥናቱ ያስመዘገበው ስኬት 70.6 በመቶ ሲሆን የማስመሰያው 57.5 በመቶ ነበር፤ ከአምስተርዳሙ 81 ለ31 ጋር ሲተያይ እጅግ የለዘበ ልዩነት ነው። በሌላ በኩል የባክቴሪያውን መርዝ የሚያመክነውና ግርሻን በ10 ነጥብ በመቶ ገደማ የሚቀንሰው ቤዝሎቶክሱማብ የተባለው ፀረ-አካል እ.ኤ.አ. በ2016 ፈቃድ ቢያገኝም በጃንዋሪ 2025 ከገበያ ወጥቷል። ውድና ጥቂት ሕሙማን የሚጠቀሙበት መድኃኒት ጥሩ ስለሆነ ብቻ በገበያ እንደማይቆይ ይህ ማስረጃ ነው።

በኢትዮጵያ ለሚሠራ ሐኪም

ከላይ ከተዘረዘሩት ጥናቶች አብዛኞቹ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የተካሄዱ ናቸው። በእነዚያ ሀገሮች «ጤናማ ለጋሽ» ማለት በብዙ ምርመራ ተጣርቶ የተመረጠ ሰው ነው። የአንጀት ጥገኛ ትላትል፣ ጃርዲያና መድኃኒት የሚቋቋሙ ባክቴሪያዎች በጤነኛው ሕዝብ መካከልም በስፋት በሚገኙበት ሀገር ተመሳሳይ ለጋሽ ማግኘት ከባድ፣ መርምሮ ማረጋገጥ ደግሞ የበለጠ ከባድ ነው። ስለሆነም ያለ ተሟላ ላቦራቶሪ፣ ከዘመድ በተወሰደ ዓይነ ምድር ንቅለ ተከላውን ለመሞከር መነሣሣት የ2019ኙን ሞት በሚብስ ሁኔታ መድገም ይሆናል።

ይህ ማለት ግን ጥናቱ ለኢትዮጵያ የሚናገረው የለም ማለት አይደለም። ትልቁ ትምህርቱ ከንቅለ ተከላው በፊት ባለው ነገር ላይ ነው። በመግቢያው ወደ ተነሣችው ሕመምተኛ መመለስ ጉዳዩን ግልጽ ያደርገዋል። በእርሷ ላይ «አሜባ» የሚለው ስያሜ እንዲጸና ያደረገው በሜትሮኒዳዞል መሻሏ ነው። ነገር ግን ሜትሮኒዳዞል ሲ. ዲፊሲልንም ያክማል። ስለዚህ መሻሏ የአሜባውን ምርመራ አያረጋግጥም፤ የተሳሳተውን ምርመራ ትክክለኛ አስመስሎ ይሸፍነዋል እንጂ። በማይክሮስኮፕ የሚታየው ነጭ የደም ሴል ለአሜባ ሊወሰድ፣ ጉዳት የማያደርሰው የአሜባ ዝርያም ከጎጂው ጋር ሊምታታ እንደሚችል እየታወቀ በአንድ የዓይነ ምድር ማሳያ ላይ ብቻ ተመሥርቶ የሚሰጥ ውሳኔ ሲ. ዲፊሲል ጨርሶ እንዳይታሰብ ያደርጋል። የመርዝ ምርመራ በማይገኝበት ሆስፒታል ደግሞ ያልተፈለገ በሽታ አይገኝም፤ ያልተገኘውም የለም ተብሎ ይቆጠራል።

ሁለተኛው ነጥብ የመድኃኒቱ አሰጣጥ ነው። ለዚህ በሽታ ቫንኮማይሲን የሚሠራው በአፍ ሲሰጥ ነው፤ በደም ሥር የተሰጠው ወደ አንጀት ውስጥ ስለማይደርስ ሕመምተኛውን አይጠቅመውም። በአፍ የሚወሰደው እንክብል በማይገኝበት ቦታ ለመርፌ የተዘጋጀውን ዱቄት በውኃ አሟሙቶ በአፍ መስጠት ይቻላል። የተለመደው መጠን 125 ሚሊ ግራም በቀን አራት ጊዜ ለ10 ቀናት ሲሆን፣ ካገረሸ ለ10 እስከ 14 ቀናት በዚሁ መጠን ተሰጥቶ፣ ለአንድ ሳምንት በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለአንድ ሳምንት በቀን አንድ ጊዜ፣ ከዚያም በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ ለ2 እስከ 8 ሳምንት ይቀጥላል። የቶሮንቶው ጥናት የሚያጽናናው ይህን ያለ ለጋሽ የሚሰጥ ሕክምና ነው። ሜትሮኒዳዞልን ለግርሻ መደጋገም ግን የነርቭ ጉዳት ስለሚያስከትልና ኃይሉም ደካማ ስለሆነ አይመከርም።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም ርካሹና ከሁሉም የሚረሳው፣ መከላከሉ ነው። ተቅማጡን የቀሰቀሰው አንቲባዮቲክ የግድ ካልሆነ መቆም አለበት። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሱ መድኃኒቶች ያለ ምክንያት የሚወሰዱ ከሆነም ሊመረመሩ ይገባል። የአልኮል ማጽጃ ስፖርን ስለማይገድል ሕመምተኛውን የነካ እጅ በሳሙናና በውኃ፣ አልጋውና መጸዳጃው ደግሞ በክሎሪን መጽዳት ይኖርበታል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ጉንፋን ይዞት ለመጣ ሰው አሞክሲሲሊን፣ ትኩሳት ላለው ሁሉ ሴፍትሪያክሶን መስጠት፣ በመድኃኒት ቤትም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲፕሮፍሎክሳሲን መሸጥ እስካልቀረ ድረስ አንጀቱ የተራቆተ ሰው መብዛቱ አይቀርም።

ማጠቃለያ

የአምስተርዳሙ ጥናት የቁጥር ማነስ፣ የንጽጽር ድክመትና ያለ ዕውርነት የመካሄድ ጉድለት አለበት። ቢሆንም ዋና ሐሳቡ በኋላ በተሻለ መንገድ በተካሄዱ ጥናቶች ጸንቷል። የሚያገረሽ ተቅማጥን ባክቴሪያውን ብቻ አሳዶ መግደል አያድነውም፤ ባክቴሪያው የሰፈረበትን ባዶ ቦታ መልሶ ማስያዝ ያስፈልጋል። ይህን የተረዳ ሐኪም ሐሳቡን ወደ ኋላ መልሶ ቦታው መጀመሪያ እንዴት ባዶ ሆነ? ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ባለጸጋ ሀገሮች በአንቲባዮቲክ ያራቆቱትን አንጀት በውድ እንክብል ለመጠገን ይሞክራሉ። እንዲህ ያለ እንክብል ለሌላት ሀገር የቀረው አማራጭ አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ነው። ሳል ይዞት ለመጣ ሰው የማይገባውን አንቲባዮቲክ አለመጻፍ ንቅለ ተከላ አይባልም፤ በየትኛውም ጥናት ላይም 81 በመቶ ተብሎ አልተመዘገበም። የአንጀትን ተሕዋስያን ከነሙሉነታቸው የሚያቆይ፣ ለጋሽ የማይሻ፣ በማንኛውም ጤና ጣቢያ ሊሰጥ የሚችል ሕክምና ግን እርሱ ነው።